የእናቶች ማቆያ ቤት ባዶ እንዳይቀር

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነፍሰ ጡር እናቶች ምጥ እስኪመጣ የሚቆዩበት ማቆያ ቤት ተሠርቶ፣ አልጋና ፍራሽ ገብቶለት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የዕቃ ማከማቻ ሲሆን ያሳዝናል። እናቶቹ የሚጠፉት አብዛኛውን ጊዜ የመውለጃ ቀኑ በስህተት ስለሚሰላ፣ ወይም ወጥ ቤቱ ስለሚዘጋ ነው።

ከቀኑ እንጀምር። እናት መግባት ያለባት መውለጃዋ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ገና ወር ከአሥር ቀን ሲቀራት የገባች እናት ቤቷን፣ ከብቷንና ልጆቿን እያሰበች ትሰለቻለች፤ ተመልሳ ከሄደች በኋላ ደግሞ ምጡ ቤት ውስጥ ይይዛታል። ስሌቱ በእኛ አቆጣጠር ቀላል ነው፦ የመጨረሻ የወር አበባ በታየበት የመጀመሪያ ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል። በመሃል ጳጉሜን ካለፈች ግን 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 ከሆነች 9 ወር ከ4 ቀን ነው። ጥቅምት 12 ያየች ሐምሌ 22 ትጠበቃለች፤ ጥር 21 ያየች ጥቅምት 26። ስህተት የሚበዛው እዚህ ጳጉሜ ላይ ነው። ቀኑን ካላስታወሰች «ለሚካኤል ነበር ወይስ ለማርያም?» ብላችሁ ጠይቋት፤ ብዙዎቹ በበዓል ያስታውሱታል።

ወጥ ቤቱ ላይ አትቆጥቡ። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ያዙ፤ ስድስት እናቶች ከነአስታማሚዎቻቸው 12 ሰው ናቸው፣ በወር 180 ኪሎ ማለት ነው። ነዋሪው የሚያዋጣው እህል በአጨዳ ማግሥት ካልተሰበሰበ ክረምት ላይ ጎተራው ባዶ ይሆናል። ምጣድ፣ ድስት፣ ጀበና፣ ደረቅ እንጨት ይኑር። የገንፎው ዱቄትና ቅቤ ከቤት ቢመጣም የሚገነፋበት ምድጃ ግን እዚያው ያስፈልጋል። ሕፃን ልጅ ያላትን እናት ልጅሽን ትተሽ ነይ አትበሏት፤ አትመጣም።

ከዚህ በፊት በኦፕሬሽን የወለደች ወይም መንታ ያረገዘች እናት ጤና ጣቢያ ማቆያ ውስጥ አትቆይ፤ እዚያ ቀዶ ሕክምና የለም። ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ማቆያ አስቀድማችሁ ላኳት።

ማቆያ ማለት ማደሪያ ብቻ አይደለም። አዋላጇ በየቀኑ ጠዋት የደም ግፊትና የፅንስ ልብ ምት ትለካ፤ ምቱ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መሆን አለበት። ግፊቱ 140/90 ከደረሰ፣ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ፣ ደም ወይም ሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ፅንሱ መንቀሳቀስ ከቀነሰ ማታም ቢሆን እንዲጠሯት ለአስታማሚዎቹ ንገሯቸው።

ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይበዛ የሚሰጠው መርፌ፣ ኦክሲቶሲን፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ሕፃኑ እንደተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት በጡንቻ ይወጋል። መብራት ጠፍቶ ሙቀት ከመታው ጉልበቱን ያጣል፤ መልኩ ግን አይለወጥም፣ ስለዚህ በዓይን አይታወቅም። የፍሪጁን ሙቀት ጠዋትና ማታ ጻፉ፤ ቅዳሜና እሑድ ማን እንደሚጽፍም በስም መድቡ።