ሚኒባሷ በየኩርባው ለምን ትቆማለች? በአፍተር ኢፌክትስ ቀስ ብሎ መነሣትና ቀስ ብሎ መቆም

በአፍተር ኢፌክትስ (የአዶቢ የአኒሜሽን ፕሮግራም) ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርድ ሚኒባስ በካርታ ላይ አንቀሳቅስ የተባለ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ይህን ነው፤ በእያንዳንዱ የሐረጎ ቁልቁለት ኩርባ ላይ አንድ የፖዚሽን ኪፍሬም (በዚህ ሰዓት እዚህ ቦታ ሁን የሚል ምልክት) ያስቀምጣል፣ ሁሉንም ይመርጥና ኤፍ9ን ይጫናል። ሲያጫውተው ሚኒባሷ በየኩርባው ቀጥ ትላለች፣ ትነሣለች፣ እንደገና ቀጥ ትላለች። በየመታጠፊያው አንድ ሰው «ወራጅ አለ» ያለ ይመስላል።

ጥፋቱ የኤፍ9 አይደለም። ኤፍ9 የሚሰጠው ኢዚ ኢዝ (ቀስ ብሎ መነሣትና መቆም) የተመረጠው ኪፍሬም ላይ ፍጥነቱን ዜሮ ያደርጋል፤ ሥራው ይኸው ነው። ስምንት ኪፍሬም ላይ ከተጫነ ስምንት ጊዜ ያቆማል።

ኮምፖዚሽኑን (ሥራው የሚቀናበርበትን ክፈፍ) በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ጉዞውን 6 ሰከንድ አድርጉት፤ 150 ፍሬም ማለት ነው። መንገዱን በኪፍሬም ከሠራችሁ በኋላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ትታችሁ የመካከሎቹን ሁሉ ምረጡ፤ በቀኝ ክሊክ «ሮቭ አክሮስ ታይም» የሚለውን ንኩ። ኪፍሬሞቹ ትንንሽ ክብ ነጥብ ይሆናሉ። ከዚህ በኋላ ቦታቸውን እንጂ ሰዓታቸውን አይይዙም፤ ሰዓቱን ፕሮግራሙ ራሱ እንደ ርቀቱ ያከፋፍለዋል። አሁን ኤፍ9ን መነሻውና መድረሻው ላይ ብቻ ተጫኑ። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ እንድታዞር ደግሞ ሌየሩን (መኪናዋ ያለችበትን ንብርብር) መርጣችሁ ኮንትሮል፣ አልትና ኦ አንድ ላይ ተጫኑና «ኦሪየንት አሎንግ ፓዝ»ን ምረጡ።

«ሮቭ» የሚለው ደብዝዞ አልነካ ካለ ፖዚሽኑ ኤክስና ዋይ ተብሎ ተከፍሏል ማለት ነው። «ሴፐሬት ዳይሜንሽንስ»ን አጥፉት፣ ግን መንገዱን ከመሥራታችሁ በፊት፤ በኋላ ሲዋሐድ የኩርባው ቅርጽ ሊበላሽ ይችላል። እውነተኛዋ ሚኒባስ ሐረጎ ላይ ፍሬን አትይዝም ወይ የሚል አይጠፋም። ትይዛለች። ከ20 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በ6 ሰከንድ ስናሳይ ግን ያ ፍሬን መንቀጥቀጥ ሆኖ ነው የሚታየው።

ኤፍ9 ብቻውን የትም አያደርስም፣ የሁሉም ሰው አኒሜሽን አንድ ዓይነት የሚመስለውም በእሱ ነው። በመነሻም በመድረሻም እኩል 33.33 በመቶ ኢንፍሉዌንስ (ኢዙ ከጊዜው ምን ያህሉ ድረስ እንደሚዘልቅ) ይሰጣል። አንድ የፒያሳ ካፌ ሎጎ በ1 ሰከንድ 960 ፒክሰል ይጓዛል እንበል። ያለ ኢዝ በየፍሬሙ 38.4 ፒክሰል ይሄዳል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። በኤፍ9 በመጀመሪያው ፍሬም 4.5 ፒክሰል ብቻ ይነቃነቃል፣ መሐል ላይ 57.6 ይደርሳል፣ ከዚያ በተነሣበት አኳኋን ይበርዳል። ከስክሪን ውጭ ተነሥቶ የሚገባ ነገር ግን ያን ዝግ ያለ አነሣስ ማን ያየዋል? ጊዜው መድረሻው ላይ ቢውል ይሻላል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ኪፍሬም ምረጡና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኬ ተጫኑ። በሚከፈተው ሳጥን የአውትጎይንግ (ከኪፍሬሙ ሲወጣ ያለውን) ኢንፍሉዌንስ 15 አድርጉ። የመጨረሻው ላይ ኢንካሚንጉን (ሲገባ ያለውን) 80 አድርጉ። ፍጥነቱ ሁለቱም ላይ ዜሮ ሆኖ ይቆይ። ግራፍ ኤዲተርን በሺፍትና ኤፍ3 ከፍታችሁ ስፒድ ግራፉን ስታዩ ጉብታው ወደ ግራ ተገፍቶ፣ ረጅም ጭራ ወደ ቀኝ ይወርዳል። ያ ጭራ ነው ለዓይን የሚለሰልሰው። ዋጋም አለው፤ ሎጎው ገና በሦስተኛው ፍሬም አካባቢ በፍሬም ወደ 97 ፒክሰል ይዘላል፣ ሞሽን ብለር (የእንቅስቃሴ ብዥታ) ካልበራ ሲቆራረጥ ይታያል። ሌየሩ ላይም ኮምፖዚሽኑ ላይም አብሩት፤ 180 ዲግሪው ሸተር (የብዥታው ልክ) ይበቃል። ለሚወጣ ነገር ቁጥሮቹን ገልብጡ።

ስሞቹ ያምታታሉ። እዚህ «ኢዚ ኢዝ ኢን» ማለት ወደ ኪፍሬሙ ሲገባ መብረድ ነው። በድረ ገጽ ሥራ በሲኤስኤስ (የድረ ገጽ መልክ መጻፊያ ቋንቋ) ግን ይኸው መብረድ «ኢዝ አውት» ይባላል። ከዌብ ሠሪ ጋር ስትነጋገሩ «ሲደርስ ቀስ ይበል» ብላችሁ በአማርኛ ተናገሩ፣ ይቀላል።

ከኢትዮጵያ ካርታ ወደ ወሎ መጠጋት ሌላ ጣጣ አለው። ስኬልን (መጠኑን በመቶኛ) ከ10 ወደ 100 ያለ ኢዝ ብታንቀሳቅሱ በመጀመሪያው ሩብ ጊዜ 32.5 ይደርሳል፤ ካርታው 3.25 እጥፍ አደገ። በመጨረሻው ሩብ ግን ከ77.5 ወደ 100 ነው፣ 1.3 እጥፍ ገደማ ብቻ። ዓይን የሚያየው እጥፉን ስለሆነ ካሜራው ተስፈንጥሮ የተንፏቀቀ ይመስላል። ሁለቱን ኪፍሬሞች መርጣችሁ ከኪፍሬም አሲስታንት «ኤክስፖኔንሺያል ስኬል»ን ንኩ። በየፍሬሙ ኪፍሬም ስለሚሞላ እላዩ ላይ ኢዝ አይሠራም፤ ፕሪኮምፖዝ አድርጉት (ሌየሩን የራሱ ኮምፖዚሽን ውስጥ አስገቡት)፣ በኮንትሮል፣ አልትና ቲ ታይም ሪማፕ (የሌየሩን ጊዜ እንደገና መደልደያ) አብሩ፣ ኢዙን እዚያ ስጡት።

አንድ ቦታ ቆሞ መቆየት የነበረበት ጽሑፍ ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ከተመለሰ፣ አንድ ቦታ በያዙት ሁለት ኪፍሬሞች መሐል የታጠፈ መንገድ ተፈጥሯል። ሁለቱን መርጣችሁ ኮንትሮል፣ አልትና ኬ ተጫኑና «ስፔሻል (Spatial) ኢንተርፖሌሽን»ን ሊኒየር (ቀጥታ መስመር) አድርጉ።

ግራፉን ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ የምታዩት ትክክለኛው ፍጥነት መሆኑን አረጋግጡ። ፕሪቪውን በግማሽ ሪዞሉሽን አድርጉ፣ ከታይምላይኑ በላይ ያለው አረንጓዴ መስመር እስኪሞላ ጠብቁ፣ ኢንፎ ፓነሉን እዩ። በሰከንድ 25 ፍሬም የማይደርስ ከሆነ የሚንቀረፈፈው ላፕቶፑ ነው፣ ሎጎው አይደለም።