ከርከዴ ይዛችሁ ክኒን ለምትጥሉ

ደም ብዛትና ውፍረት አብረው ሲመጡ ከርከዴ ማፍላት ጥሩ ነው፤ እኔም መድኃኒት ቤት ለሚጠይቀኝ አልከለክልም። የሚያናድደኝ የደም ብዛት ክኒን ማቆሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ በቀን ሦስት ብርጭቆ (720 ሚሊ ሊትር) ከርከዴ ለ6 ሳምንት የጠጡ ሰዎች የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ በ7 ገደማ ወርዷል። ሰባት! 180 ላለው ሰው 173 ማለት ነው። ያውም ተሳታፊዎቹ ክኒን የማይወስዱ፣ ከ150 ያላለፉ ነበሩ። አንዲት እናት የደም ብዛት ክኒናቸውን፣ አምሎዲፒንን፣ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ሲመጡ ለካኋቸው፤ 180 በ110። «የኔ ልጅ፣ ምንም አያመኝም እኮ» አሉኝ። እማማ፣ ደም ብዛት መቼ ያምና! ሳያምም ነው ኩላሊት የሚጎዳው፣ አንጎል ውስጥ ደም የሚያፈሰው። ከርከዴው ክኒኑ ላይ ይጨመራል እንጂ አይተካውም። ሁለቱ ተደርበው ግፊቱን ከልክ በላይ ሊያወርዱት ስለሚችሉ ግን ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ብድግ ስትሉ የሚያዞራችሁ ከሆነ ቶሎ ተለኩ።

ስኳር። ከርከዴ ይኮመጥጣል ተብሎ በየብርጭቆው ሦስት የሻይ ማንኪያ ከገባበት በቀን ዘጠኝ፣ ወደ 36 ግራም ሆነ። ማርም ቢሆን ያው ነው። ክብደት መቀነስ ራሱ ግፊት ያወርዳል፤ በእያንዳንዱ ኪሎ በግምት አንድ ነጥብ። ይህን በማንኪያ አትመልሱት።

«ማቅጠኛ ሻይ» የሚባለውን ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ብዙዎቹ ውስጥ ሰናመኪ አለ፤ እሱ ደግሞ ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። ሚዛኑ ላይ የጎደለው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ከውኃው ጋር ፖታሲየምም ይወጣል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን፣ ሽንት የሚያበዛ የደም ብዛት ክኒን የሚወስድ ሰው ፖታሲየሙ በክኒኑም ስለሚቀንስ፣ ሁለቱ ሲገናኙ እግር ይኮማተራል፣ ባስ ካለም የልብ ምት ይዛባል። «ሆዴን አጸዳልኝ» እያሉ ወራት የሚጠጡትን ሳይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ጠዋት ከርከዴ፣ ማታ ጨው የበዛበት ሽሮ፤ ልፋቱ ከንቱ ነው። በቀን ከሚበላው ሁሉ የጨው ጣሪያው 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ የገባው ጨውም ይቆጠራል።

ግፊታችሁን ቤት የምትለኩ፣ ክንዳችሁ ወፍራም ከሆነ ክንድ ላይ የሚታሰረውን መጠቅለያ ሰፊውን ግዙ፤ ጠባቡ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ቡና ከጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፤ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ከርከዴው ይቅርባችሁ።