የሐሙስ ማታ ቡና፦ ቅዳሜ ድንኳን ለምትተክሉ

ለዘጠኝ ዓመታት፣ ከክረምቱ በቀር፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ወጥተን በድንኳን እናድራለን። ስድስት ነን፤ ድሮ አንድ ቢሮ ውስጥ ሂሳብ እንሠራ ነበር፣ ዛሬ ሥራችን ተለያይቷል። ጉዞአችን የሚጀምረው ሐሙስ ማታ እኔ ቤት ቡና ሲፈላ ነው። ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱና ስለ ስንቁ የምንጨዋወተው በዚያች ምሽት ነው፤ በብርድ ያደርንባቸውንና መንገድ ላይ የመሸብንን ጉዞዎች መለስ ብዬ ስቆጥር፣ ሁሉም ያን ጨዋታ በችኮላ ያለፍንባቸው ናቸው። ድንኳን የገዛ ሰው አተካከሉን ከሻጩ ይማራል። እኔ የምነግራችሁ ከዚያ በፊት ያለውን ወሬ እንዴት እንደምናወራው ነው።

ወጉ እንዲህ ነው። በአቦሉ ከአየሩ በቀር ሌላ ነገር አይነሣም። ቶናው የመንገዱ ነው። በረካው ላይ ማን ምን እንደሚይዝ እንከፋፈላለን። ሦስቱን ቀላቅለን ስናወራ በነበረበት ጊዜ ጨዋታው ሁልጊዜ ወደ ምግብ ያደላ ነበር፤ ሥጋው ተማርጦ ሲያበቃ ስለ ሌሊቱ ብርድ ያሰበ ሰው አይገኝም ነበር።

አቦሉ ሲቀዳ «በስልኬ አየሁት፣ ፀሐይ ነው» የሚል አይጠፋም። የስልኩን ትንበያ አትናቁት፤ ነገር ግን የየትኛውን ቦታ አየር እንደሚነግራችሁ አረጋግጡ። ወደ ወንጪ ሐይቅ ስትሄዱ ስልኩ ብዙውን ጊዜ የሚያሳያችሁ የአምቦን አየር ነው። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወንጪ ሐይቅ ግን 2,880 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ዙሪያውን የከበበው ተራራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ስልኩ «ሌሊት 10 ዲግሪ» ካለ፣ ለወንጪ 5 ብላችሁ ያዙት። ወደ ላንጋኖ ስትወርዱ ሒሳቡ ይገለበጣል፦ ሐይቁ 1,585 ሜትር ላይ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ጋቢ ያስፈለገው ሰው እዚያ ሸሚዝ ይበቃዋል። ይህችን ስሌት ወረቀት ላይ አስፍረን ከቡና ረከቦቱ አጠገብ እናስቀምጣታለን።

ከስልኩ ቀጥሎ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀን ትንበያ እናያለን። እሱ የሚጠቅመን የነገን ሰዓት ለማወቅ ሳይሆን፣ ሳምንቱ ወደ እርጥበት ያዘነበለ ወይስ ወደ ደረቅ መሆኑን ለመለየት ነው። በተለይ በበልግ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ይህ ልዩነት ጉዞውን ይወስናል።

ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉም አብልጬ የማምነው፣ ስልክ ደውሎ የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አጠያየቁን ነው። «አየሩ እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው» ነው። እንግዳ እንዲመጣ የሚወድ፣ ደግ ሰው ሌላ ምን ይላችኋል? መልካም ምኞቱን ነገራችሁ እንጂ አየሩን አልነገራችሁም። ዓይኑ ያየውን ጠይቁት። ወንጪ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ወዳጅ አሉን፤ ስንደውልላቸው የምንነጋገረው እንዲህ ነው፦

«አባባ፣ ዛሬ ጠዋት ሣሩ ነጭ ነበር?»

«ነጭ ነበር። ፀሐይ እስክትወጣ ከብቱን አላስወጣሁም።»

«ትናንትስ ዘነበ?»

«ከምሳ በኋላ ትንሽ አካፋ። መሬቱን ግን አላራሰውም።»

በሁለት ጥያቄ ሁሉንም አገኘን፦ ሌሊቱ አመዳይ ይጥላል፣ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ መኪናው አይያዝም፣ ከሰዓት በኋላ ግን ደመና ሊኖር ይችላል። ለላንጋኖ ደግሞ የምንጠይቀው ስለ ነፋሱ ነው፤ «ትናንት ማታ ሐይቁ ማዕበል ነበረው?» ስንል መልሱ «ነበረው» ከሆነ፣ ድንኳኑን ከዳርቻው አርቀን፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ እንተክላለን።

አመዳይን እንድንጠይቅ ያስተማሩን እኚሁ አዛውንት ናቸው። ከዓመታት በፊት፣ ኅዳር ላይ፣ ከሐይቁ ራቅ ብላ ያለች አንዲት ሣራማ ጎድጓዳ መሬት አይተን ወደድናት። ሜዳ ናት፣ ለስላሳ ናት፣ ከነፋስም የተከለለች ናት። ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከቡ እጅ የሚነካው ይመስል ነበር፤ እኛም በዚያ ደስ ብሎን ተኛን። ሌሊቱን ብርዱ ከሥር እየሰረሰረ መጣ። የእህቴ ልጅ፣ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ፣ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ሰምቼ ወደ እኔ የመኝታ ከረጢት አስገባኋት፤ እግሯ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። ሲነጋ የድንኳኑ ገመድ ላይ አመዳዩ እንደ ጨው ቆሟል። አዛውንቱ ከብት እየነዱ ሲያልፉ አዩንና «ልጆቼ፣ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ከብት እንኳ አያድርም» አሉን። በእጃቸው ወደ ዳገቱ አመለከቱ፤ ሃያ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያለው ሣር አረንጓዴ ነው፣ አንዲት ነጭ ነጥብ የለበትም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርድና ጎድጓዳው ውስጥ ይተኛል። በጋ ላይ የምታደንቁት ጥርት ያለ ሰማይ የብርዱ ምልክት ነው። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር በደጋ ስትወጡ ከጎድጓዳው ወጥታችሁ፣ ከተራራውም አናት ወርዳችሁ፣ መካከል ላይ ተረተር ፈልጉ። በበልግና በመስከረም ደግሞ ጎድጓዳን የምትሸሹት ስለ ጎርፉ ነው።

ስለ መብረቅም በአቦሉ ሳናነሣ አናልፍም፤ አዲስ ሰው አብሮን ሲኖር በግልጽ እንነግረዋለን። ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ፤ ድምፁ በየሦስቱ ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሠላሳ ሳትደርሱ ነጎድጓዱ ከተሰማ አሥር ኪሎ ሜትር ውስጥ ናችሁና ወደ መኪና ግቡ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል አይታሰብም፤ ድንኳንም ከመብረቅ አያድንም።

ቶናው ሲቀዳ ሹፌራችን ይናገራል፤ ከስድስታችን በዕድሜ ታላቁ ስለሆነ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ይህን የሚመልሰው በዚያው ሳምንት በመንገዱ ያለፈ ሰው ነው፤ ካለፈ ወር የተሰማ ወሬ አይበቃም። ጥርጣሬ ካለ አንሄድም፤ የሚያኮርፍም የለም።

ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያው ይገለጣል። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል በዓል ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት የአዳማና የአዋሽ መንገድ በተጓዥ ይሞላል። የኢሬቻ በዓል ሰሞን የቢሾፍቱን አቅጣጫ ማሰብ አይገባም። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ የሚካሄድበት እሁድ ደግሞ ከተማው ውስጥ ብዙ መንገድ ስለሚዘጋ፣ በዚያ ጠዋት ለመመለስ አትነሡ። ጥምቀትን ግን በድንኳን ሳይሆን በቤታችሁ ወይም በታቦቱ ማደሪያ እንድታሳልፉት እመክራለሁ፤ እኔ በአንድ ዓመት ቀርቼበት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሰዓቱ ነገር ብዙ አያከራክረንም። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ስለምትጠልቅ፣ ድንኳኑ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት መተከል አለበት። ወንጪ በአምቦ መንገድ ወደ 155 ኪሎ ሜትር ነው፤ ምሳውንና ፎቶ ማንሻውን ቆጥረን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንነሣለን። ላንጋኖ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 12 ሰዓት ላይ እንነሣለን። ሱባ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ ለእሷ ቁርሳችንን በልተን እንሄዳለን።

ሱባን በተለይ አነሣለሁ፤ ሁልጊዜ ሁለተኛ ምርጫችን እሷ ናትና። ጉዞ ስታቅዱ ሐሙስ ማታ ሁለት ቦታ ወስኑ፦ አንዱ የምትመኙት፣ ሌላው አየሩ ወይም መንገዱ ቢከፋ ዓርብ ማታ የምትቀይሩት። ሁለተኛ ቦታ የሌለው ቡድን ደመናውን እያየ «አይዘንብም፣ እንሂድ» ይላል፤ ምኞቱ ነው የሚያናግረው። ሱባ በወጨጫ ተራራ ጥግ ያለ ጥንታዊ ደን ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ ይነገራል። ጥዱ ሥር ስትቆሙ ግንዱን ሦስት ሰው ተያይዞ ሲያቅፈው ታያላችሁ፤ ሽታው ልብስ ላይ እስከ ማክሰኞ ይቆያል። ድንኳን ግን የደረቀ ቅርንጫፍ ከተንጠለጠለበት ዛፍ ሥር አትትከሉ፤ ቀና ብላችሁ ሳታዩ አንድም ካስማ አትምቱ። እሳት የሚነደውም የደን ጠባቂው በሚፈቅድበት ቦታ ብቻ ነው።

በረካው አጭር ነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና ድረስ የነቢያት ጾም ስለሆነ፣ ምርጡ የድንኳን ወቅት ከጾም ጋር ይገናኛል፤ ሽሮ፣ ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ይበቃናል። ወንጪ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ባቄላውንና ምስሩን ቤት ቀቅላችሁ ያዙ፤ እዚያ ልቀቅል ያለ ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ይጠብቃል። ልብሱ ላይ አንድ ነገር ብቻ አጠብቃለሁ፦ ከላይ ከምትደርቡት ሁለተኛ ጋቢ ይልቅ ከሥራችሁ የምታነጥፉት ወፍራም ፍራሽ ይበልጣል። ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው።

ማታ እሳቱ ዙሪያ ስትቀመጡ ጨዋታው በራሱ ይመጣል፤ ያንን ማንም አያስተምራችሁም። ሰዎች ሊተኙ ሲነሡ ግን አንድ ሰው ነቅቶ የከሰሉን ምድጃ ይይ። ብርድ የጠናበት ሰው «ለጥቂት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ፍም ወደ ድንኳን ሊያስገባ ይፈልጋል። አታስገቡ። የከሰል ጭስ ሽታ ባይኖረውም ይገድላል፤ የተኛ ሰው አይነቃም። እኛ ዘንድ እያንዳንዱ ሰው ከመተኛቱ በፊት ምድጃው ውጭ መሆኑን በዓይኑ አይቶ ነው የሚገባው፤ ከእንግዳም ከቤተኛም ይህን እንጠይቃለን።

የድንኳኑን መስኮት ከላይ አራት ጣት ያህል ክፍት ተዉት። ጠዋት ጣራው ከውስጥ ርሶ ብታገኙት ዝናብ አልገባም፤ ሌሊቱን የተነፈሳችሁት እንፋሎት ነው ቀዝቃዛውን ጨርቅ ሲነካ ወደ ጠብታ የተለወጠው። መጀመሪያ ጊዜ የወጣ ወዳጃችን ድንኳኑ ያፈስሳል ብሎ ሊመልሰው ነበር። በጣቴ ከውስጥ ጠብታዎቹን እያሻሸሁ፣ ከውጭ ደግሞ ደረቁን ጨርቅ እያስነካሁት ነው ያሳመንኩት።

እሁድ ጠዋት ድንኳኑ ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ አንድ ደብተር እጅ በእጅ ይዞራል። እያንዳንዳችን የምናሰፍረው አንድ አንድ መስመር ነው፦ ብርዱ እንዴት እንደነበር፣ ነፋሱ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደጎደለን። በሚቀጥለው ወር ሐሙስ ማታ መጀመሪያ የሚነበበው ይህ ገጽ ነው። ጋሼ የጻፈው የባለፈው ጉዞ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሱባ። ሌሊት ነፋስ አልነበረም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጉሬዛዎቹ ጮኹ፣ ሁላችንም ነቃን። ሁለት ካስማ ድንጋይ ላይ ታጥፏል፤ አራት ይገዛ።» ካስማዎቹን ትናንት ገዝቼ ከረጢቱ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ።