አንጀት የተሰፋበት ፊኛ ጠጠር ሲያፈራ፦ እንዴት እንደምትከላከሉት፣ ከመጣ እንዴት እንደሚወጣ

ጠጠሮቼን ካወጡልኝ በኋላ በትንሽ ብልቃጥ አድርገው አሳዩኝ። ሦስት ናቸው። ሁለቱ ባቄላ ያካክላሉ፣ አንዱ የእንቁላል አስኳል ያህላል። ነጣ ብለው ወደ ቢጫ ያደላሉ፣ በጥፍር ሲፍቋቸው ይፈረፈራሉ። እውነቱን ለመናገር የወንዝ ጠጠር የመሰለ ነገር ነበር የጠበቅኩት።

ደብረ ብርሃን ስመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ “የቧንቧው ውሃ ነው” አለ። አንዷ “ጤፉ አሸዋ ነበረው” አለች። የአክስቴ ልጅ ደግሞ “ቀድመህ ሁለት ቢራ ብትጠጣ ኖሮ ይወርድልህ ነበር” ብሎ አረፈው። አንዳቸውም አላገኙትም።

የኔ ፊኛ በሕመም ተጨማዶ ከሲኒ ያልበለጠ ሽንት ብቻ መያዝ ሲጀምር ነው ከትንሹ አንጀቴ ቆርጠው የሰፉበት። አሁን የምሸናው በቀጭን ቱቦ፣ በካቴተር ነው። እንዲህ ዓይነት ኦፕሬሽን ያደረገ ሰው ጥቂት አይደለም፤ በካንሰር ፊኛው ወጥቶ ከአንጀት አዲስ የተሰራለት አለ፣ ሲወለድ ጀምሮ ፊኛው ችግር ያለበት ልጅ አለ፣ የጀርባ አጥንቱ የተጎዳ አለ። ሽንታችሁ ሆድ ላይ በተለጠፈ ከረጢት የሚወርድ ከሆነ ግን የእናንተ አሰራር ሌላ ነው። እዚህ የምጽፈው የማጠብ ነገር አይመለከታችሁም።

መጀመሪያ ጠጠሩ ከየት እንደሚመጣ እንወቅ። አንጀት ፊኛ ላይ ስለተሰፋ አንጀትነቱን አይተውም። የእንቁላል ነጭ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ማመንጨቱን ይቀጥላል። ከጊዜ ጋር ይቀንስ ይሆናል እንጂ አይቆምም። ይህ ዝልግልግ ከቱቦው የተረፈ ሽንት ጋር ፊኛው ሥር ይጋደማል። እዚያ ላይ ባክቴሪያ ይጨመራል። በተለይ ፕሮቲየስ የሚባለው ዓይነት ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይቀይረዋል፣ ሽንቱ አሲድነቱን ያጣል፣ ማግኒዚየም፣ አሞኒየምና ፎስፌት ተያይዘው በዝልግልጉ ላይ ይጋገራሉ። በቃ፣ ጠጠር ማለት ይኸው ነው። አንዳንዴ መነሻው ያልሟሟ የስፌት ክር ወይም በካቴተሩ ተገፍቶ የገባ አንድ ፀጉር ነው።

ስለዚህ ጠጠር የሚሰራው ከተረፈው ነው። የእናንተም ሥራ ምንም እንዳይተርፍ ማድረግ ነው።

አንድ፦ ሙልጭ አድርጋችሁ አውጡ

ፊኛ “ሞልቻለሁ” እስኪላችሁ አትጠብቁ፤ የተሰፋ ፊኛ ስሜቱ የታመነ አይደለም። በሰዓት ሂዱ። እኔ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 12፣ ከመተኛቴ በፊት 4 ሰዓት ላይ አወጣለሁ። በየአራት ሰዓቱ ማለት ነው፣ ለማስታወስ ይቀላል። ሐኪማችሁ ሌላ ካላችሁ የእሱን ያዙ። በአንድ ጊዜ የሚወጣው በተደጋጋሚ ከ500 ሚሊ ሊትር ካለፈ ልዩነቱን ማሳጠር ያስፈልጋል።

ሽንቱ ቆመ ብላችሁ ካቴተሩን መዝዛችሁ አታውጡት። ትንሽ ሳብ አድርጉት፣ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ዘንበል በሉ፣ ሳል ሳል በሉ። ሁልጊዜ የምትቀር ጉንጭ አለች። በተለይ ካቴተር የምታስገቡበት ቀዳዳ እምብርት ላይ የተሰራላችሁ ሰዎች ልብ በሉ፤ መውጫው ከላይ ስለሆነ ታችኛው ክፍል ላይ የሚተኛው በራሱ አይወጣም።

እጅ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ስለ ፀጉሩ ነግሬያችኋለሁ፣ በአካባቢው ካለ አሳጥሩት።

ሁለት፦ እጠቡት (ሰው ሁሉ የሚሰንፍበት ቦታ)

እኔን የጣለኝ ይሄ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በየቀኑ አጠብኩ። ከዚያ ሽንቱ ሲጠራ፣ ሕመም ሲጠፋ፣ “ምን አስጨነቀኝ” አልኩና በሳምንት አንዴ አደረግኩት። ቀጥሎ በወር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ብልቃጧ መጣች።

የሚያስፈልገው 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ጫፉ ካቴተር ውስጥ የሚገባ ስሪንጅና የጨው ውሃ ነው። ፋርማሲ ስትሄዱ “ኖርማል ሳላይን” በሉ። እኛ አገር በከረጢት የተሰቀለውን ሁሉ “ግሉኮስ” ስለምንለው ባለሙያው እውነተኛውን ግሉኮስ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ስኳር ፊኛ ውስጥ መጨመር ደግሞ ባክቴሪያን መቀለብ ነው። ከረጢቱ ላይ 0.9% የሚል መኖሩን አይታችሁ ግዙ።

በየቀኑ መግዛት ኪስ ይጎዳል። ቤት መስራት ይቻላል፣ ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ። አንድ ሊትር ውሃ፣ 9 ግራም ጨው፤ ደቃቅ ጨው ከሆነ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ገደማ ይሆናል፣ ያልተቆለለ። አፈላሉ ላይ ግን አንድ የኛ አገር ጉዳይ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ በ100 ዲግሪ አይፈላም፣ 90 አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። ስለዚህ ተንተከተከ ብላችሁ ቶሎ አታውርዱት። ከ2,000 ሜትር በላይ ቢያንስ 3 ደቂቃ እየፈላ መቆየት አለበት። መንዝም፣ አንኮበር ላይም ያላችሁ እንደዚሁ። እኔ ለራሴ 5 ደቂቃ አደርገዋለሁ። በፈላ ውሃ በታጠበ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፣ በማግስቱ የተረፈውን ድፉት።

አሁን ማጠቡ። መጀመሪያ ሽንቱን አውጡ። ውሃው ለብ ይበል፤ የኛን ብርድ የጠጣ ውሃ ስትከቱበት ፊኛው ይኮማተራል፣ ይቆርጣችኋል። አንድ ስሪንጅ ሙሉ በቀስታ ግፉ፣ ከዚያ መልሳችሁ ሳቡ ወይም በራሱ ይውረድ። ዝልግልግ ይዞ ይመጣል፣ አትደንግጡ። ውሃው ጠርቶ እስኪመለስ ድገሙት። በመሃል ዘንበል በሉ፣ ሆዳችሁን ከታች በመዳፍ ቀስ አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉ።

ስንት ያህል? የኔ ሐኪም በቀን አንዴ፣ አራት ስሪንጅ ብሎኛል። 240 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። በአንዲት ስሪንጅ “ታጠበ” ማለት ድስት በጭልፋ ውሃ እንደማለቅለቅ ነው። መጠኑን ግን የሚወስነው የሰፋችሁ ሐኪም ነው፣ በተለይ ኦፕሬሽኑ ገና ትኩስ ከሆነ።

በጉልበት አትግፉ። ገባ አልመለስም ካለ ዝልግልግ ዘግቶት ይሆናል፤ ካቴተሩን ትንሽ አዙሩት፣ እምቢ ካለ በሌላ ለውጡት። እየተመለሰ ሳይሆን እየሞላችሁት ከሄዳችሁ አደጋ ነው።

ሦስት፦ ውሃ

ወደ 2 ሊትር ተኩል ሞክሩ፣ ኩላሊት ወይም ልብ ታማሚ ካልሆናችሁ። በሃይላንድ ለኩት፣ ግምት አይሰራም። ደጋ ላይ ብርዱ ጥማትን ያስረሳል፣ ሻይ በሻይ ሆነን እንውላለን። ጣርማ በርን ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንገባ ደግሞ ላቡ ይበላዋል። ከሁለቱም በላይ የሚጎዳው አውቶቡስ ነው፦ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ “መንገድ ላይ እንዳይመጣብኝ” ብሎ ከዋዜማው ጀምሮ አለመጠጣት። እኔ አሁን ሳልጠጣ አልሄድም፤ ከመሳፈሬ በፊት አወጣለሁ፣ ትርፍ ካቴተር ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

በጾም እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መቆየት ለዚህ ፊኛ አይሆንም። ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው። እኔ ስነግራቸው ገና ሳልጨርስ “ልጄ፣ አንተ ታማሚ ነህ፣ ጠጣ” ነው ያሉኝ።

አራት፦ መምጣቱን እንዴት ታውቃላችሁ

ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ያ ነው ክፋቱ። ሲያሳይ ግን፦ ሽንት ደም ይቀላቅላል፣ ኢንፌክሽኑ በመድኃኒት ሄዶ በሁለት ሳምንት ይመለሳል፣ ሽታው ይከፋል፣ ደርቆ የነበረ ሰው ያንጠባጥባል፣ ካቴተሩ ሲገባ አንድ ነገር ይገጨዋል። እኔን ያነቃኝ ይሄ መግጨቱ ነው።

ምልክት ባይኖርም በዓመት አንዴ አልትራሳውንድ ተነሱ። ስትገቡ “ፊኛዬ ላይ አንጀት ተሰፍቷል” በሉ፣ ካልተባለ ዝልግልጉን አይቶ ግራ የሚጋባ አለ። ጥርጣሬ ካለ ራጅ ይጨመራል፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን በካሜራ ማየት ነው። በዚያው ደም ስጡ፤ ኩላሊትን፣ የደም አሲድነትን፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ቫይታሚን ቢ12ን ያዩላችኋል። አንጀቱ ከቦታው ስለተነሳ ነው።

ስለ ሽንት ምርመራ አንድ ነገር፦ በካቴተር የምንሸና ሰዎች ሽንታችን ውስጥ ባክቴሪያ ሁልጊዜ አይጠፋም። ትኩሳት ወይም ሕመም ከሌለ በየወሩ አንቲባዮቲክ መዋጥ ባክቴሪያውን ከመድኃኒቱ ጋር ማላመድ ብቻ ነው። ካልቸር ላይ (ባክቴሪያውን አሳድጎ ዓይነቱን የሚለየው ምርመራ) ፕሮቲየስ ከወጣ ግን ጠጠር ሠሪው እሱ ስለሆነ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ሴቶች ደግሞ፦ የሽንት የእርግዝና ምርመራ በዚህ ፊኛ ሳይረገዝ “አለ” ሊል ይችላል። ሠርግም ለቅሶም ከመጥራታችሁ በፊት በደም ይረጋገጥ።

ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል የሚያስኬደው፦ ድንገተኛ ከባድ የሆድ ሕመም፣ መነፋት፣ ማስመለስ፣ ትኩሳት፣ ወይም ካቴተር ገብቶ ሽንት አልወጣ ማለት። የተሰፋ ፊኛ ሊቀደድ ይችላል፣ ይህ ደግሞ ይገድላል። የሌሊት ተረኛው ታሪካችሁን አያውቅም፤ ስለ ኦፕሬሽኑ ቀድማችሁ ተናገሩ። እኔ የኦፕሬሽን ወረቀቴን ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አለ።

አምስት፦ ማስወጣት

ቢራው፣ ፌጦው፣ ተልባው፣ አረቄው አያወርደውም። ይህ ከኩላሊት የሚወርድ ፍንጣሪ አይደለም፤ ያደገው እዚያው ነው፣ መውጫው ደግሞ ከሱ ይጠባል።

ትንሽ ከሆነ በሽንት ቧንቧ በኩል በካሜራ ገብተው በሌዘር ይሰባብሩታል። እምብርት ላይ ቀዳዳ ያላችሁ ሰዎች በዚያ ወፍራም መሣሪያ ይግባ ከተባለ ጥያቄ ጠይቁ፣ ቀዳዳው ሊበላሽ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ከእምብርት በታች በትንሹ ቀድዶ በካሜራ ማውጣት ነው። ትልቅ ወይም ብዙ ከሆነ ቀጥታ ከፍቶ መልቀም ነው፤ የኔ እንዲያ ነበር። ያስፈራል፣ ግን አንድ ጥቅም አለው፦ ሳይሰበር ሙሉውን ነው የሚወጣው። ዋናው ጥያቄያችሁ “ስብርባሪ ይቀራል ወይ?” ይሁን። የቀረች ፍርፋሪ ለሚቀጥለው ጠጠር ዘር ናት።

የጤና መድን አባል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር እያጻፋችሁ ውጡ። ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው በራሳችሁ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከኦፕሬሽኑ በፊት ሽንት ካልቸር ተሰርቶ መድኃኒት መጀመር አለበት፤ ካልተነሳ እናንተ አንሱት። የወጣው ጠጠር ላብራቶሪ ይሄድ እንደሆነም ጠይቁ፣ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ቀጣዩን ሕክምና ይለውጣል።

ከወጣ በኋላ

ተመልሶ የመምጣት ልማድ አለው። እንደ አወጣጡ ለተወሰነ ጊዜ ካቴተር ተቀምጦላችሁ ትቆያላችሁ፣ በዚያ ጊዜ ማጠቡን መቼ እንደምትጀምሩ ሳይነግሯችሁ አትውጡ። ለኔ የመጀመሪያው አልትራሳውንድ በሦስተኛው ወር ነበር፣ ከዚያ በስድስት ወር፣ አሁን በዓመት። ስሪንጄ ከጥርስ ብሩሼ አጠገብ ነው ያለችው። ብልቃጧንም አልጣልኳትም፣ መደርደሪያው ላይ ናት፤ ባለቤቴ “አንሳልኝ ይሄን” ትላለች፣ አላነሳም።