የያሱጂሮ ኦዙን የቤተሰብ ፊልሞች እንዴት እንመልከት?

ከጃፓናዊው ዳይሬክተር ከያሱጂሮ ኦዙ ፊልሞች ጋር ለመተዋወቅ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣውን «የቶኪዮ ወግ» ያስቀድሙ። ከኦኖሚቺ ተነሥተው ቶኪዮ የሚኖሩ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡትን አረጋውያን ባልና ሚስት፣ ሐኪሙ ልጃቸውም ሆነ ፀጉር ቤት ያላት ሴት ልጃቸው ሥራ በዝቶባቸው ጊዜ ሲነፍጓቸው፣ ከልቧ የምታስተናግዳቸው ባሏን በጦርነት ያጣችው ምራታቸው ኖሪኮ ናት። ይህን ቀድሞ ማወቁ የሚያጎድልብዎት ነገር የለም፤ እንዲያውም «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» ከሚል ጉጉት ያሳርፍዎታል። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ሳያቋርጡ ሊጨርሱት የሚችሉበትን ምሽት ይምረጡ።

ካሜራው ታታሚ በሚባለው የወለል ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ከሚያይበት ከፍታ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዝቅ ብሎ ይተከላል፤ ከተተከለበትም እምብዛም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ መዘዋወር ያለበት የእርስዎ ዓይን ነው፦ በመተላለፊያው ማን አለፈ፣ ከተቀመጡት ማን ቀድሞ ተነሣ የሚለውን ይከታተሉ። በትዕይንቶቹ መካከል ስለሚታዩት ባቡሮች፣ የጭስ ማውጫዎችና ታጥበው የተሰጡ ልብሶች ብዙ ተጽፏል፤ በእኔ አስተያየት ግን በመጀመሪያው እይታ ምሥጢር ባይፈልጉባቸው ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ኦዙ ሳያሳየን የሚያልፈው ነገር ነው። ልጆቹ ወላጆቻቸውን አታሚ ወደሚባለው የፍል ውኃ መዝናኛ በላኳቸው ማግስት፣ እናትየዋ ከባሕሩ ዳር ግንብ ላይ ሲነሡ ለአፍታ ያዞራቸዋል፤ ማንም ትልቅ ነገር ነው ብሎ አይይዘውም፣ የቀረው ታሪክ ግን ከዚያች ቅጽበት ይመነጫል። በመልስ ጉዟቸው ባቡር ላይ መታመማቸውን የምንሰማው ኦሳካ ያለው ልጃቸው ለሥራ ባልደረባው ሲያወራ ነው፤ ነፍሳቸው ስትወጣም አናይም። እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣው «የጸደይ መገባደጃ» ደግሞ ነገሩ ሁሉ አባቷን ትታ ማግባት በማትሻ ልጅ ላይ የሚያጠነጥን ሆኖ ሳለ፣ ሠርጉም ሙሽራውም አይታዩም። ትዕይንት በተቀየረ ቁጥር «በመካከሉ ምን ሆነ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ተመልካቹን ከታሪኩ ጋር ያቆየዋል።

በልጆቹ ላይ ለመፍረድ አይቸኩሉ። ሃሩኮ ሱጊሙራ የምትጫወታት ባለፀጉር ቤቷ ልጅ ለእናቷ ምርር ብላ አልቅሳ፣ ብዙም ሳትቆይ የእናቷን ኪሞኖ ለመታሰቢያ ትጠይቃለች፤ ልቅሶዋ የእውነት ነው፣ ጥያቄዋም እንዲሁ። (አረጋዊውን አባት የሚጫወተው ቺሹ ሪዩ በወቅቱ ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፤ አቀማመጡን ልብ ብሎ ማየት ለብቻው ትምህርት ነው።)

ቀጥለው «የጸደይ መገባደጃ»ንና እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራውን የዳይሬክተሩን የመጨረሻ ፊልም፣ ባለቀለሙን «An Autumn Afternoon»ን ተከታትለው ይዩ፤ በሁለቱም ሪዩ ልጁን የሚድር ሚስቱ የሞተችበት አባት ስለሆነ ልዩነታቸው ጎልቶ ይወጣል። የኦዙ ጨዋነት ከበዛብዎት፣ በዚያው ዘመን ይሠራ የነበረውን የሚኪዮ ናሩሴን ፊልሞች ይሞክሩ፤ በእርሱ ቤተሰቦች ዘንድ ስለ ዕዳና ስለ ገንዘብ በግልጽ ይወራል።