«ኢንጆይን» ስታገኙ ቀጥሎ ያለውን ቃል እዩ

ደሴ ውስጥ የትርጉምና የጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ። በብዛት የሚመጣልኝ የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የትምህርት ማስረጃ ነው። አንዳንዴ ግን የአሜሪካ ፍርድ ቤት ወረቀት ይመጣል። ያኔ «ኢንጆይን» (enjoin) የሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ ብቅ ይላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ከሐይቅ ከተማ መጡ። ልጃቸው አሜሪካ ፍቺ ላይ ነው። የላከላቸውን ወረቀት ስልካቸው ላይ አሳዩኝ። አንዱ መስመር «ዘ ሪስፖንደንት ኢዝ ኢንጆይንድ ፍሮም ሴሊንግ ዘ ሀውስ» ይላል። «ኢንጆይን» ማለት ማዘዝ ነው ብዬ ከተማሪነቴ ጀምሮ ይዤዋለሁ። ስለዚህ «ተጠሪው ቤቱን እንዲሸጥ ታዟል» ብዬ ጻፍኩ። እናትየው ልጄ ድርሻውን ይዞ ሊመጣ ነው ብለው ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ማታ ቅጂውን ደግሜ ሳነብ ደነገጥኩ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቤቱን እንዳይሸጥ ነው የታገደው። በማግስቱ በጠዋት ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። «አብሽር ልጄ፣ ገና ለማንም አላወራሁም» አሉኝ። እሳቸው ቀለል አደረጉልኝ እንጂ እኔን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ሥሩን ያዙ። ቃሉ ከላቲን ተነስቶ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ የገባ ነው። የላቲኑ ግስ ማያያዝ፣ ሰው ላይ ግዴታ መጫን ማለት ነው። ላቲኖች ቀንበርን «ዩጉም» ይሉታል፤ የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ነው። ቀንበር በሬውን ወደ ፊት ያስኬደዋል፣ ከትልሙ እንዳይወጣም ይይዘዋል። የግሱን ሁለት ፊት እኔ የማስታውሰው በዚህ ነው።

ከግሱ በኋላ «ቱ» ካለ፣ አድርግ ማለት ነው። «ሺ ኢንጆይንድ ሀር ሰን ቱ ቢ ኦነስት» የሚለውን ውሰዱ። «ልጇን ታማኝ እንዲሆን አዘዘችው» ብትሉት ስህተት አይደለም፣ ግን ይደርቃል። መነሃሪያ ላይ ልጇን የምትሸኝ እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? መኪናው ሞተሩን አስነስቷል። እሷ በመስኮቱ እጁን ይዛ «አደራህን ልጄ፣ ሶላትህን በሰዓቱ ስገድ» ትላለች። ያ ነው ኢንጆይን። የአሥር አለቃ «ተነስ!» ሲል ግን «ኮማንድ» ወይም «ኦርደር» ነው። ኢንጆይን ክብደት ካለው ሰው ወይም ከሃይማኖት የሚመጣ፣ ኅሊና ላይ የሚቀመጥ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ እንደ አገባቡ «አደራ አለ»፣ «አጥብቆ አሳሰበ» ወይም «ደነገገ» በሉት።

እኛ ወሎ ውስጥ ይህን ግስ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት ታገኙታላችሁ። በእንግሊዝኛ የቁርኣን ትርጉሞች፣ ሱራ 3 አንቀጽ 104 ላይ፣ በመልካም የሚያዙ ለሚለው ብዙዎቹ የተጠቀሙት ይህንን ነው። ከክፉ ለመከልከል ደግሞ «ፎርቢድ» ይላሉ። በቀድሞው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ጳውሎስ ለፊልሞና ሲጽፍ፣ ላዝህ ድፍረት ቢኖረኝም ስለ ፍቅር እለምንሃለሁ ይለዋል። ለማዘዙ «ኢንጆይን»፣ ለልመናው «ቢሲች» ገብቷል። ልዩነታቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

አንዳንዴ ትእዛዙ ይቀድምና ሰውየው በ«ኦን» ወይም በ«አፖን» ይከተላል። «ሂ ኢንጆይንድ ሳይለንስ ኦን አስ» ማለት ዝም እንድንል አዘዘን ነው። ይሄ ብዙ አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው «ፍሮም» ነው። «ፍሮም» ካለ፣ አታድርግ ማለት ነው። ይህ አገባብ በተለይ የአሜሪካ የሕግ ቋንቋ ነው። ለምን እንደሚያመልጠን አስቤበታለሁ። በአማርኛ «እንዳይሸጥ አዘዘ» ስንል ክልከላው «እንዳይ» ላይ ነው፤ «አዘዘ» ላይ ሳንደርስ ሰምተነዋል። በእንግሊዝኛው ግን ግሱ ይቀድምና ክልከላው ከኋላ፣ በአንዲት ትንሽ ቃል ይመጣል። ግሱን አይቶ የቸኮለ ሰው ይሳሳታል።

«ፍሮም» የሌለበትም ወጥመድ አለ። የአሜሪካ ዜና ላይ «ዘ ጀጅ ኢንጆይንድ ዘ ኦርደር» ሲል ዳኛው መመሪያውን አዘዘ ማለት አይደለም፤ አገደው ማለት ነው። ታዲያ «ኢንጆይንድ ሳይለንስ» ላይ ዝምታው ታዘዘ አላልንም? ብለናል። እዚህ ላይ የሚለየው ተናጋሪው ነው። ዳኛ ከሆነና ቀጥሎ የመጣው ሽያጭ፣ ግንባታ ወይም መመሪያ ከሆነ፣ «አገደ» በሉ። ዳኛም ቢሆን ግን «ቱ» ካስከተለ፣ አድርግ ብሎ እያዘዘ ነው።

ለፍርድ ቤቱ ትርጉም ቃል መፍጠር አያስፈልግም። እግድ አለን። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 154 ጀምሮ ስለ ጊዜያዊ እግድ ይናገራል። በእንግሊዝኛው ቅጂ «ኢንጃንክሽን» የሚለው ነው፤ የኢንጆይን የሥጋ ዘመድ።

ሥራ ፈላጊዎች ደግሞ አደራ። ማመልከቻ ላይ «አይ ኢንጆይን ዩ» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ጸሐፊው በትህትና መጠየቁ ነበር፣ ግን አለቃውን እያዘዘ ነው። «ሪክዌስት» በሉ። በወሬ መሀልም አትጠቀሙበት፤ ዳቦ ግዛልኝ ለማለት «አስክ» ወይም «ቴል» ይበቃል። ስትጽፉ «ን»ዋን አትርሱ፤ «ኢንጆይድ» ከሆነ ተደሰተ ማለት ነው።

እኔ አሁን ይህ ግስ ሲመጣ ቀጥሎ ያለውን ቃል በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበታለሁ። ተርጉሜ ስጨርስ ለባለጉዳዩ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ከዚያ «እስቲ ምን ተባለ? በራስዎ አፍ ይንገሩኝ» እላለሁ። በትክክል ሲነግሩኝ ነው ማኅተሜን የማሳርፈው።