ኢ-ቡክ ከወረቀቱ በላይ ሲወደድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። አማርኛ ስለምናገር የአገራችን ሰዎች ስልካቸውን ወይም ታብሌታቸውን ይዘው ቀጥታ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣሉ። ስለ ኢ-ቡክ፣ ማለትም በስክሪን ስለሚነበብ መጽሐፍ፣ ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ወረቀቱ 11 ዶላር ነው፣ ኢ-ቡኩ ደግሞ 15 ይላል። ተሳስተው ነው እንዴ? ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?»

ተሳስተው አይደለም። መግዛት አለመግዛቱን ግን የሚወስነው ዋጋው ሳይሆን አንባቢው ነው። ወረቀት የማያደርግልህን ነገር ኢ-ቡኩ የሚያደርግልህ ከሆነ አራት ዶላር ጭማሪ ያዋጣል። ካልሆነ ደግሞ ለሚያንስ ነገር የበለጠ እየከፈልክ ነው። ይህን ሳያዩ ገንዘባቸውን የሚያወጡ ሰዎች በየሳምንቱ ያጋጥሙኛል። ሳያዩ የሚተዉም እንዲሁ።

«ወረቀት የለው፣ ቀለም የለው፣ ለምን ይወደዳል?» ብሎ ሻጩ ላይ መናደድ

ከአንድ መጽሐፍ ዋጋ ውስጥ የማተሚያውና የማጓጓዣው ድርሻ ሰው እንደሚያስበው ትልቅ አይደለም። ደራሲው፣ አርታዒው፣ ሽፋኑን የሠራው፣ አሳታሚውና ሻጩ በኢ-ቡኩም ላይ አሉ። ዋናው ነገር ግን ዋጋውን የሚተምነው ማን ነው የሚለው ነው። የወረቀቱን መጽሐፍ ሻጩ በጅምላ ይገዛና ደስ ባለው ቅናሽ ይሸጠዋል። የትልልቆቹን አሳታሚዎች ኢ-ቡክ ዋጋ ግን የሚወስነው አሳታሚው ራሱ ነው። ሻጩ ኮሚሽኑን ብቻ ነው የሚወስደው፤ ቅናሽ ማድረግ አይችልም። አማዞን ላይ ከዋጋው አጠገብ «ዋጋው በአሳታሚው የተወሰነ ነው» የሚል ጽሑፍ የሚታየው ለዚህ ነው። አሠራሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2010 አፕል አይፓድን ሲያወጣ ነው። በ2012 የአሜሪካ መንግሥት አፕልንና አምስት አሳታሚዎችን ተመሳጥረው ዋጋ ጨምረዋል ብሎ ከሰሳቸው፤ አፕልም በመጨረሻ 450 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። አሳታሚዎቹ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ከእያንዳንዱ ሻጭ ጋር ለየብቻ ተዋውለው ዋጋ መተመኑን መልሰው ያዙት።

ስለዚህ ቅናሹ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ኢ-ቡኩን የግድ የምትፈልገው ከሆነ ስስ ሽፋን ያለው እትም እስኪወጣ ጠብቅ። ያኔ የኢ-ቡኩም ዋጋ ብዙ ጊዜ አብሮ ይወርዳል።

ኢ-ቡክን «ገዛሁት» ብሎ መተኛት

ስለዚህኛው ዝም ማለት አልችልም።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት መጡ። ባለቤታቸው ካረፉ አራት ወር ሆኗቸዋል። የሟቹን የማንበቢያ መሣሪያ በነጭ መሐረብ ጠቅልለው ይዘውታል። የመያዣው ቆዳ በቀኝ በኩል፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ተልጦ ነጥቷል። ሰውየው ከ300 በላይ መጻሕፍት ገዝተዋል። እናትየው የፈለጉት መጻሕፍቱን ለሦስት ልጆቻቸው ማካፈል ነው። መሣሪያው የይለፍ ቃል ጠየቀ። የይለፍ ቃሉን ለመቀየር ደግሞ የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው ወደ ሟቹ ስልክ ነው። ስልኩ ተዘግቷል። ከጠረጴዛዬ ሆነን ኩባንያው ጋ ደወልን። ያነጋገረችን ልጅ ትሑት ነበረች፤ መልሷ ግን አጭር ነው። አካውንቱ የሟቹ ነው፣ ለወራሽ አይተላለፍም።

«ልጄ፣ እሱ እኮ ከደመወዙ እየቆጠበ ነው የገዛቸው» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሳሎናቸው ውስጥ ያለው አንድ መደርደሪያ የወረቀት መጽሐፍ ማንንም ሳያስፈቅድ ለልጆቹ ተከፋፍሏል። ከዚያ የሚበልጥ ገንዘብ የወጣበት ግን መሐረቡ ውስጥ ቀረ።

ስንገዛ የምንገዛው መጽሐፉን ሳይሆን የማንበብ ፈቃዱን ነው። ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ማንም አያነበውም። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የካሊፎርኒያ ሕግ ሻጮች ይህን በግልጽ እንዲናገሩ ስላስገደደ አሁን መግዣው ቁልፍ አጠገብ ታየዋለህ። ፈቃድ ደግሞ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ሰዎች ከገዙትና ከከፈሉበት በኋላ ኪንድል ከሚባለው ማንበቢያ መሣሪያቸው ላይ አጥፍቶታል። ምክንያቱ መጽሐፉን ያቀረበው ወገን መብት ስላልነበረው ነው። ገንዘባቸውን መለሰላቸው፤ የኩባንያው ኃላፊም ይቅርታ ጠየቀ። ሚሺጋን ያለ አንድ ተማሪ ግን ለትምህርት ቤት የጻፋቸው ማስታወሻዎች መጽሐፉ ሲጠፋ ትርጉም አጡበትና ፍርድ ቤት ሄደ። በ2019 ማይክሮሶፍት የኢ-ቡክ ሱቁን ሲዘጋ የተሸጡት መጻሕፍት በሙሉ አብረው ጠፉ። ዋጋቸውን መለሰ፤ መጽሐፉ ላይ ማስታወሻ ለጻፉ ሰዎች 25 ዶላር ጨመረላቸው።

አንብበህ የጨረስከውን መልሰህ መሸጥም የለም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2019 ያገለገለ ኢ-ቡክ መሸጥ ያለ መብት ባለቤቱ ፈቃድ አይቻልም ብሎ ወስኗል። 11 ዶላር የገዛኸውን ወረቀት አንብበህ በአራት ዶላር ብትሸጠው የወጣብህ ሰባት ነው። የኢ-ቡኩ 15 ግን 15 ሆኖ ይቀራል። ስታወዳድር ይህን አስላ። በየካቲት 2025 ደግሞ አማዞን መጽሐፍን ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በገመድ ማስተላለፍን አስቀርቷል። ቀድሞ በዚያ መንገድ ቅጂ ያስቀምጡ የነበሩ ደንበኞቻችን ተቸግረዋል።

እባካችሁ፦ ለልጅ የሚቀር፣ ዕድሜ ልክ የሚገለጥ መጽሐፍ ከሆነ ወረቀቱን ግዙ፣ ቢወደድም እንኳ። ኢ-ቡክ ከሆነ የቅጂ መቆለፊያ፣ ማለትም ወደ ሌላ መሣሪያ እንዳይገለበጥ የሚያግደው፣ የሌለበትን ፈልጉ፤ ያለ መቆለፊያ የሚሸጡ አሳታሚዎች አሉ። መጻሕፍቱን ለቤተሰብ የሚያጋራውን አገልግሎት በሕይወት ሳላችሁ ክፈቱ። የይለፍ ቃላችሁንም ቤት ውስጥ የሚያምናችሁና የምታምኑት ሰው ይወቀው።

ቤተ መጻሕፍቱን ሳይጠይቁ መግዛት

ሊቢ የሚባለውን አፕ በስልክህ ጫን፣ የቤተ መጻሕፍት ካርድህን ቁጥር አስገባ፣ በነፃ ተዋስ። እኛ ለአንድ ቅጂ ብዙ ጊዜ ከ50 ዶላር በላይ እንከፍላለን። ለዚያውም ለሁለት ዓመት ብቻ። የተከፈለው ለእናንተ ነውና ተጠቀሙበት።

ሥዕልና ሰንጠረዥ ያለበትን በትንሽ ስክሪን መግዛት

የምግብ አሠራር፣ የአናቶሚ፣ የካርታ መጽሐፍ። አትግዙ። ካመነታችሁ በነፃ የሚላከውን ናሙና አውርዱና አንድ ሰንጠረዥ ለማንበብ ሞክሩ።

የተማሪ መጽሐፍ ጊዜው መቼ እንደሚያልቅ አለማየት

ነርሲንግ የምትማር ልጅ ለፈተና ስትዘጋጅ መጽሐፏ ተዘጋባት፤ የከፈለችው ለ180 ቀን ኖሯል።

በእልህ ኢ-ቡክን እምቢ ማለት

ይህ ስህተት የእኔም ነበር። መጽሐፍ ማለት ወረቀት ነው ብዬ ሰው እመክር ነበር፤ ሐሳቤን ያስቀየሩኝ አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዐይናቸው እየደከመ ሲሄድ መጀመሪያ መነጽር፣ ቀጥሎ አጉሊ መስታወት፣ ከዚያ የጠረጴዛ መብራት ጨመሩ። በመጨረሻ መምጣት ተዉ። ቤታቸው ሄጄ ሳያቸው መጽሐፉ እንደተከፈተ ደረታቸው ላይ ነው፤ አያነቡም።

የሚፈልጉት 700 ገጽ የሚሆን የታሪክ መጽሐፍ ነበር። ያገለገለው ወረቀት ስድስት ዶላር፣ ኢ-ቡኩ 18። ኢ-ቡኩን ገዛንና ፊደሉን አንድ መስመር ላይ አምስት ቃል እስኪቀር ድረስ አሳደግንላቸው። መሣሪያው ከ200 ግራም ብዙም አይበልጥም፤ ወረቀቱ ግን ለእጃቸውም ይከብዳቸው ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ድምፅ አውጥተው አነበቡልኝ። ቀጥሎ የማያውቁትን የእንግሊዝኛ ቃል በጣታቸው ነኩት፤ ፍቺው ወጣ። «እስቲ ሌላ ቃል» አሉ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቃል እየነኩ አነበቡ።

ለእንዲህ ያለ አንባቢ ሦስት እጥፍ መክፈል ውድ አይደለም። ለእናት ለአባታችሁ 12 ዶላር አትሰስቱ።

የአማርኛ መጽሐፍን በአዲስ አበባ ዋጋ ማስላት

«አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በዚህ ግማሽ ዋጋ አገኘዋለሁ» ይሉኛል። ታገኘዋለህ፣ እዚያ ካለህ። እዚህ የሚደርሰው ግን በሰው ሻንጣ ነው። 23 ኪሎ ውስጥ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ይፎካከራል። አምጪውን መለመን፣ መጠበቅ፣ ኤርፖርት መሄድ አለ። የአማርኛ ኢ-ቡክ በዶላር ተወደደ ከማለትህ በፊት ወረቀቱ እጅህ እስኪገባ የሚያስወጣህን ቁጠር።

ከመክፈልህ በፊት ግን ናሙናውን ፈትነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሥርዓት ውስጥ ቢገባም በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየቡ ፋይሎች ዛሬም ይሸጣሉ። «ኢትዮጵያ» ብለህ ፈልግበት። ካላገኘው መፈለጊያ የሌለው መጽሐፍ ነው። ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ ደግሞ ፊደሉን ስታሳድግ መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ግራ ቀኝ እየጎተትክ ነው የምታነበው። ለዚያ ከወረቀቱ በላይ አትክፈል።

በቴሌግራም የሚዞረውን ቅጂ ደግሞ ተዉት። እኔ አድርጌዋለሁ። ጓደኛ የላከልኝን አንድ ልብ ወለድ በስልኬ ካሜራ ከተነሣ ቅጂ አንብቤ ወደድኩት። በኋላ ደራሲው ሲልቨር ስፕሪንግ ለመጽሐፍ ምርቃት መጡ። ወረቀቱን ገዛሁ፤ ሲፈርሙልኝ እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «ሙሉ ነበር?» ብቻ አሉኝ። ሙሉ መስሎኝ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስተያየው መሐል ላይ ሁለት ገጽ ጎድሏል። በልብ ወለዱ ውስጥ ያለችው እናት ለልጇ የጻፈችው ደብዳቤ እዚያ ነበር።